ሁለት ጨረቃ ላላት ምድር የሠራሁት ቅዱስ የዘመን አቆጣጠር እና በዓላቱ

ካርታ ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ኢራዛ ብዬ ለምጠራት ምናባዊ ምድር የዘመን አቆጣጠር ስሠራ ከርሜ አሁን ለሰው ዓይን የሚበቃ ደረጃ ላይ ደርሷል። ልብ ወለዱ ገና በጅምር ነው፤ ይሁን እንጂ ሰዎቹ መቼ እንደሚጾሙና መቼ እንደሚደሰቱ ሳላውቅ አንድ ምዕራፍ እንኳን ወደፊት መግፋት አልቻልኩም። ገበሬው የሚዘራበትን፣ ሙሽራዋ የምትዳርበትን፣ ባለዕዳው የሚከፍልበትን ቀን የሚወስነው ይኸው ነውና።

ኢራዛ ሁለት ጨረቃዎች አሏት። ትልቋ ቀላ ያለች ስለሆነች ዳማ ትባላለች። ትንሿ ነጭ ናት፤ ስሟ ጠል ነው። ዳማ በ28 ቀን አንድ ጊዜ ትሞላለች፤ ጠል ደግሞ በ26 ቀን። ዓመቱ 364 ቀን ሲሆን በዳማ እየተቆጠረ በ13 ወራት ይከፈላል። ሁለቱ ጨረቃዎች በአንድ ሌሊት ሙሉ ሆነው የሚታዩት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ሌሊት ርክብ ይባላል፤ የበዓላት ሁሉ ራስ ነው። በዋዜማው በየቤቱ ያለው እሳት ይጠፋል፤ ምድጃው ተጠርጎ አመዱ ከደጅ ይደፋል። ጨረቃዎቹ ሲወጡ በቤተ መቅደሱ አዲስ እሳት ይለኮስና በችቦ እየተቀባበለ እስከ መጨረሻው ጎጆ ይደርሳል። በየቤቱ እሳቱን የሚቀበለው ታናሹ ልጅ ነው። ችቦው ለእጁ ቢከብደውም ማንም አይደግፈውም፤ ቢወድቅበት ግን ያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ከጎረቤት እሳት ሲለምን ይኖራል።

ሌሎችም አሉ። በሦስተኛው ወር የስም ዕለት ይከበራል፤ በዓመቱ የተወለዱ ሕፃናት እስከዚያ ድረስ «እንግዳ» እየተባሉ ይቆዩና በዚያ ቀን ስም ያገኛሉ። በዘጠነኛው ወር የሚዛን ቀን አለ፤ ዕዳ የሚከፈልበት ወይም በአደባባይ ምሕረት የሚለመንበት።

ቁጥሮቹ ሁሉ ይገጥማሉ። ሆኖም የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ። እስቲ በእናንተ ዓይን እዩልኝ።

ዘመን ቀማሪ

እህቴ ካርታ ሠሪ፣ ስሌትሽ ልክ ነው፤ 28 በ13 ሲባዛም 26 በ14 ሲባዛም 364 ይመጣል። የሜሶአሜሪካ (የዛሬዋ ሜክሲኮና አካባቢዋ) የጥንት ሕዝቦችም እንዲሁ ሁለት ዙሮችን ጎን ለጎን ያስኬዱ ነበር፤ አንዱ 260፣ ሌላው 365 ቀን። ሁለቱ ወደ መነሻቸው አብረው የሚመለሱት በ18,980 ቀን፣ ማለትም በ52 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከእነዚሁ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት አዝቴኮች ያ ሌሊት ሲደርስ በአገሩ ያለውን እሳት ሁሉ አጥፍተው፣ ዓለም ልትቀጥል ወይም ልታከትም እንደምትችል እያመኑ፣ በተራራ ላይ አዲስ እሳት እስኪለኮስ ይጠብቁ ነበር። የመጨረሻው የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ1507 ነው። የአንቺ ርክብ የዚህ ዘመድ ነው።

የጎደለው ነገር በእኔ እይታ ትርፍ ነው። ሰማይሽ አንድም የሚተርፍ ቀን የለውም። የእኛ ሰማይ እንዲህ አይደለም። አሥራ ሁለት ጨረቃ ከ354 ቀን ጥቂት አለፍ ይላል፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። በመካከላቸው 11 ቀን ገደማ ይተርፋል፤ የቀመር ሰዎች አበቅቴ የሚሉት ይህን ልዩነት ነው። አንዱ ሕዝብ ትርፉን አልቀበልም ብሎ በጨረቃ ብቻ ቆጠረ፤ ስለዚህ የሙስሊሞች ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። አይሁድ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ፤ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር የሚለያዩት በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነውና። የጥንት ግብጻውያን በሠላሳ ሠላሳ ቀን አሥራ ሁለት ወር ቆጥረው የቀሩትን አምስት ቀናት ለአምስት አማልክት ልደት ሰጧቸው። አዝቴኮች በበኩላቸው የቀሩትን አምስት ቀናት ክፉ ናቸው ብለው ሥራ ይሸሹባቸው ነበር። ያው አምስት ቀን ለአንዱ የአማልክት ልደት፣ ለሌላው የመዓት ቀን!

ምክሬ ይህ ነው። ጨረቃዎቹን እንዳሉ ተያቸውና የፀሐዩን ዓመት 367 ቀን አድርጊው። ያኔ ርክብ በየዓመቱ ሦስት ሦስት ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። በዝናብ ወራት እኩሌታ ርክብን ሲያከብር የተወለደ ሰው፣ ስልሳ ዓመት ሲሞላው ያንኑ በዓል በደረቁ በጋ ያከብረዋል። ዙሩን ለመጨረስ 121 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ሙሉውን ዙር ያየ ሰው በሕይወት አይገኝም።

ባሕረኛ

ዘመን ቀማሪ ያለውን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ኢራዛ ውስጥ ሁሉም ሰው ትርፉን እንደ ችግር ያየዋል ብላችሁ አታስቡ። ካርታሽ ላይ ሳልቃ የምትባል የወደብ ከተማ አይቻለሁ። ለወደብ ሰው የፀሐይ ዓመት ምኑ ነው? እርሱ የሚኖረው በባሕር ሙላት ነው። የባሕር ሙላት ከፍ የሚለው ጨረቃ ስትሞላም ስትጠፋም ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር ሆነው ይስባሉና። ሁለት ጨረቃ አብረው ሲሞሉ ደግሞ ውኃው ከተለመደው ሙላት እጅግ ከፍ ይላል። የጨው ኩሬዎች የሚሞሉት ያን ሌሊት ነው። ተጠግኖ ደረቅ ላይ የቆመ ከባድ መርከብ ወደ ውኃ የሚወርደው ያን ሌሊት ነው፤ ያመለጠው መርከብ ሌላ እንዲህ ያለ ሙላት እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ የሳልቃ ርክብ ከጸሎቱ በፊት ሥራ ነው፤ ገመድ፣ ቅባት፣ ጩኸት፣ ጉልበት። ሳልቃ 364 ትቆጥራለች፤ ሌላ ቁጥር አትሰማም።

ሁለት ሌሊቶች ደግሞ ሳትጠቀሚባቸው ቀርተዋል። ከርክብ በኋላ በ13ኛው ቀን ጠል ትጠፋለች፤ በ14ኛው ዳማ ትከተላታለች። በዓመቱ ከርክብ በፊትና በኋላ ካሉት ከእነዚያ የጨለሙ ሌሊቶች የሚብስ ጨለማ የለም፤ ያኔ መርከብ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው ከርክብ በ182ኛው ቀን የሚመጣው ነው። 182 ለ26 ሲካፈል ልክ 7፣ ለ28 ሲካፈል ስድስት ተኩል ነው። እንግዲህ በዚያ ሌሊት ዳማ ፈጽማ ጠፍታ ጠል ብቻዋን ሙሉ ትሆናለች። የታናናሾች በዓል ይሁን እላለሁ፤ ታናሽ ወንድም፣ ታናሽ እህት፣ ሁለተኛ ሚስት፣ ደቀ መዝሙር፣ ዓመቱን ሙሉ በትልቅ ጥላ ሥር የኖረ ሁሉ በዚያ ሌሊት ቀድሞ ይናገራል፣ ቀድሞ ይቀመጣል።

ምሕዋር

የበዓላቱን ነገር ለእናንተ ትቼ ስለ ሰማዩ ልናገር። የአንድን አካል የዙር ጊዜ ከርቀቱ ጋር በሚያያይዘው በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ስናሰላው የዳማና የጠል ርቀት ከኢራዛ ያለው ልዩነት አምስት በመቶ እንኳን አይሞላም። እንዲህ የተቀራረቡ ሁለት ትልልቅ ጨረቃዎች እርስ በርስ እየተሳሳቡ ምሕዋራቸውን ያናጋሉ እንጂ ለዘላለም በሥርዓት አይዞሩም። በሳተርን ዙሪያ ጃኑስና ኤፒሜቴየስ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ጨረቃዎች አሉ፤ ምሕዋሮቻቸው በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ። እነርሱም ቢሆኑ በአራት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ሲቀራረቡ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የውስጠኛው ውጭ፣ የውጩ ውስጥ ይሆናል።

ይህን የምለው ሥራሽን ላፈርስ አይደለም። ጠል የውስጠኛዋ ስለሆነች ትፈጥናለች፤ ዳማን ደርሳ የምታልፋትም በ364 ቀን አንድ ጊዜ፣ ልክ በርክብ ሌሊት ነው። ፊዚክሱ «በዚያ ሌሊት አደጋ አለ» ይላል። የኢራዛ ካህናት ፊዚክሱን ባያውቁም አደጋውን ማወቅ አለባቸው። ጠል ዳማን ስታልፋት እንዳትነጠቅ ወይም እንዳትጋጭ የሚይዛት ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሃይማኖት ሁለት ጨረቃ ያለው ሰማይ ሥር የተወለደ አይመስለኝም።

ካርታ ሠሪ

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። ካነበብኩ በኋላ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

የፀሐዩ ዓመት 367 ቀን ሆኗል። በደጋው የምትገኘው አርሙን የእርሻ ከተማ ናት፤ ዝናቡን መከተል አለባት። ስለዚህ ከ364 ቀን በኋላ ሦስት ቀናት ትጨምራለች። እነዚህ ቀናት ከወር ውጭ ናቸው፤ ስም የላቸውም። ስም በሌለው ቀን ስም መጥራት አይፈቀድም፤ ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን በምልክት ትጠራለች። ውል አይጸናም፣ ወለድ አይቆጠርም፣ እሳት አይለኮስም። ሳልቃ ግን ባሕረኛ እንዳለው 364 ብቻ ትቆጥራለች፤ ለእርስዋ ስም የለሽ የሚባል ቀን የለም።

ለምሕዋር ጥያቄም መልስ አግኝቻለሁ። በርክብ ሌሊት የሁለቱም ከተሞች ሰው በአደባባይ ረጅም ገመድ ይይዛል። ገመዱ ዓመቱን ሙሉ የተፈተለ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ክንድ ያዋጣል፤ ሰው የሞተበት ቤት ያዋጣው ክንድ በጥቁር ይነከራል። ሰዎቹ በሁለት ወገን ሆነው ይይዙታል እንጂ አይጓተቱም። ገመዱ ሳይላላም ሳይከርም፣ ጠል ዳማን አልፋ እስክትወጣ ድረስ እኩል ተወጥሮ መቆየት አለበት። ጠልን የሚይዛት ይህ ነው ብለው ያምናሉ። ሌሊቱ ሲገፋ ክንዳቸው ይዝላል፤ ተተኪ ከኋላ ይቆማል፤ ማንም ከገመዱ እጁን የሚያነሣው የሌላ እጅ ከጎኑ ሲያርፍ ብቻ ነው። በሳልቃ ደግሞ ያው ገመድ መርከቡን ወደ ውኃ የሚያወርደው ነው።

ደወል

የገመዱ በዓል በጣም ማረከኝ። ስለ ሳምንት ግን ማንም አላነሣም። 364 ቀን ልክ 52 ሳምንት ነው። ሦስቱ ስም የለሽ ቀናት የሳምንት ቀን አላቸው ወይስ የላቸውም? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 በመንግሥታት ማኅበር ዘንድ የዓለምን አቆጣጠር የማሻሻል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከቀረቡት ዕቅዶች ውስጥ የዓመቱን 365ኛ ቀን ከሳምንት ውጭ የሚያደርጉ ነበሩ። አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል አይሁድና የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች ነበሩበት፤ አንድ ቀን ሳይቆጠር ከታለፈ የሰባተኛው ቀን ዕረፍታቸው በየዓመቱ ቦታውን ይለቃልና።

በኢራዛም እንዲህ የሚል ወገን ቢኖርስ? ስማቸው «ያላቋረጡት» ይሁን። ሳምንት በፍጥረት ቀን የተጀመረ ስለሆነ ማንም ሊያቋርጠው አይችልም ይላሉ፤ ስም የለሾቹንም ቀናት ይቆጥራሉ። ስለዚህ የዕረፍት ቀናቸው ከአርሙን ሰው ጋር ሲነጻጸር በየዓመቱ ሦስት ቀን ይንሸራተታል። ጎረቤት ሲያርፍ እነርሱ ያርሳሉ፤ እነርሱ ሲጸልዩ ገበያው ይጮኻል። በሰባት ዓመት ግን 21 ቀን፣ ማለት ሦስት ሙሉ ሳምንት ይሆንና ዕረፍታቸው ለአንድ ዓመት ከሁሉም ጋር ይገጥማል። ያ ዓመት የዕርቅ ዓመት ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ጋብቻ የሚፈቀደው በዚያ ዓመት ብቻ ነው፤ ያፈቀረ ሰው እስከ ስድስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።

ጥላ ቆጣሪ

አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ቀኑን የሚያውጀው ማን ነው? በጥንታዊት ሮም ጭማሪውን ወር የማስገባት ሥልጣን የሊቃነ ካህናቱ ነበር። ወዳጃቸው በሥልጣን ላይ ሲሆን ዓመቱን ማስረዘም፣ ጠላታቸው ሲሆን ማሳጠር ይችሉ ነበር። በዚህና በቸልተኝነት ምክንያት አቆጣጠሩ ከወቅቱ እጅግ ስለራቀ፣ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት 46ኛውን ዓመት 445 ቀን እንዲሆን አድርጎ ማስተካከል ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1582 የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲታወጅ ደግሞ ከኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ሆነ። ብሪታንያ ይህን የተቀበለችው በ1752፣ ሩሲያ በ1918፣ ግሪክ በ1923 ነው። መዘግየቱ የሥነ ፈለክ እውቀት ከማነስ አልመጣም፤ «ቀኑን ማን ነገረን?» ከሚል ጥያቄ እንጂ።

ስለዚህ በአርሙን ሦስቱን ቀናት የሚያውጀው አካል ወለድን ያስቆማል፣ ውልን ያፈርሳል ማለት ነው። አራተኛ ቀን ቢጨምርስ? የሚከለክለው ማን ነው? ባለዕዳዎች ለዚያ አራተኛ ቀን ስንት ይከፍላሉ? እኔ ብሆን ልብ ወለዱን እዚህ ላይ እተክለው ነበር።

ምዕራፍ አንድ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስሌቱን አከብራለሁ፤ ግን አንባቢ 364ን በ13 ለማካፈል መጽሐፍ አይገልጥም። ዘመን ቀማሪን በዚህ እቃወመዋለሁ፤ ከቁጥሩ አንድም ገጽ ላይ መታየት የለበትም። መታየት ያለበት ቀኑ የጎዳው ወይም ያዳነው ሰው ነው። እስካሁን ከተባለው ሁሉ ልቤን የያዘው ችቦው የከበደው ሕፃን ነው፤ ስለ ርክብ ያወቅሁት ሁሉ በእርሱ እጅ በኩል ነው።

ካርታ ሠሪን የምጠይቃት ይህን ነው፤ በአርሙን ስም በሌለው ቀን የተወለደ ልጅ ምን ይሆናል? የስም ዕለት ሲደርስ ስም ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም? ዕድሜውስ ከየት ይቆጠራል?

ዘመን ቀማሪ

ምዕራፍ አንድ ልክ ነህ፤ ቁጥሩ ለአንባቢ አይደለም። ለጸሐፊው ግን የግድ ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ያላሰበውን ነገር ቁጥሩ ያመጣለታል። ማስረጃ ላቅርብ።

የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ቀን ርክብ የዋለበት ቀን ነው እንበል፤ ሁለቱም ከተሞች አብረው አከበሩት። ቀጣዩ ርክብ በ364 ቀን ይመጣል፤ ያ ቀን ለአርሙን የመጀመሪያው ስም የለሽ ቀን ነው! እሳት መለኮስ በተከለከለበት ቀን የእሳት በዓል መጣ። ሳልቃ ለኮሰች፣ አርሙን አልለኮሰችም፤ ከተሞቹ የተለያዩት ያን ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ ርክብ ወደ ኋላ እየሸሸ ለረጅም ዘመን ግጭት የለም። ሁለተኛው ግጭት የሚመጣው በ122ኛው ዓመት፣ በሁለተኛው ስም የለሽ ቀን ነው። ሦስተኛው በ243ኛው ዓመት፣ በሦስተኛው ስም የለሽ ቀን። በ365ኛው ዓመት ርክብ እንደገና በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይውላል። ሦስት ቀናት፣ ሦስት ግጭቶች፣ እያንዳንዱ በየተራው። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ከ364ና ከ367 ብቻ የወጣ ነው።

ጥላ ቆጣሪ

እንዲህ ያለ ግጭት በታሪክም አለ። በሰባተኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ በነበረው የኖርዘምብሪያ መንግሥት ንጉሡ የትንሣኤን በዓል የሚያሰላው በአይርላንዳውያን መነኮሳት ቀመር ነበር፤ ንግሥቲቱ በሮም ቀመር። ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ትንሣኤን ሲያከብር ንግሥቲቱ ገና ሆሳዕና ላይ ሆና የምትጾምበት ጊዜ ነበር። አንድ ቤተ መንግሥት፣ አንድ ማዕድ ቤት። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ664 በዊትቢ ጉባኤ ለሮም ተፈረደ። ለኢራዛ ጉባኤ ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም የሚለው የካርታ ሠሪ ውሳኔ ነው።

ካርታ ሠሪ

ልብ ወለዱ በ122ኛው ዓመት ይጀምራል፤ ወስኛለሁ። የመጀመሪያውን ግጭት ያየ ሰው በሕይወት የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ከአያቶቹ የሰማውን ብቻ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች አያቶች የተናገሩት ደግሞ አይገጥምም።

ለምዕራፍ አንድ ጥያቄ መልሴ፦ ስም በሌለው ቀን የተወለደ ልጅ በአርሙን ስም አይሰጠውም። ዕድሜውን ሙሉ «እንግዳ» ነው፤ መውረስም መመስከርም አይችልም። ሆኖም ያው ቀን በሳልቃ ስም አለው። ስለዚህ ቀናቸው የደረሰ የአርሙን ሴቶች ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ወደቡ ቁልቁል ይወርዳሉ። መንገዱ ላይ ያረፉባቸው ድንጋዮች ከመቀመጥ ብዛት ለስልሰዋል። አርሙን ይህን ታውቃለች፤ ዝም ትላለች። ችግሩ በ122ኛው ዓመት ምጧ ሳይታሰብ የቀደመባት ሴት ናት፤ በሁለተኛው ስም የለሽ ቀን ከተማው ውስጥ ቀርታለች። መሸከሚያ የሚያነሣ ሰው የለም፤ ሥራ ክልክል ነው።

ደወል

አለ እንጂ። አሁን አሰላሁት። 122ኛው ዓመት ከዕርቁ ዓመት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ያላቋረጡት ከአርሙን ሳምንት ስድስት ቀን ይቀድማሉ። የመጀመሪያው ስም የለሽ ቀን ለእነርሱ ሰባተኛ ቀን፣ ዕረፍት ነው። ሁለተኛው ግን የሳምንታቸው መጀመሪያ፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ነው። በዚያ ቀን በአርሙን ውስጥ እጁን ለሥራ ማንሣት የሚፈቅድለት እምነት ያለው እነርሱ ብቻ ናቸው።

ካርታ ሠሪ

እንግዲያው የሚሸከሟት እነርሱ ናቸው። ደወል፣ አንድ ነገር ደግሞ አስላልኝ፤ ከአርሙን ሳልቃ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ቢነሡ ርክብ ሳይወጣ ይደርሳሉ?

ምሕዋር

ይህን እኔ ልመልስ። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ገደማ ነው። ስለዚህ ያላቸው ጊዜ ልክ የብርሃኑ ርዝመት ነው፤ እርሱም በወቅቱ ይወሰናል። የአርሙን ዓመት የሚያልቀው በየትኛው ወቅት ነው? በረጅሙ ቀን አካባቢ ከሆነ ይደርሳሉ። በአጭሩ ቀን ከሆነ ልጁ መንገድ ላይ ይወለዳል፤ ያኔ የየትኛው ከተማ አቆጣጠር እንደሚገዛው ድንበሩን በካርታሽ ላይ ማስመር ይኖርብሻል።